የአምስት ግቢ ሚክሰር

በዚያች ከተማ ፈቃድ ያላቸው ሥራ ተቋራጮች ብዙ ናቸው፤ ሚክሰር ያላቸው ግን ጥቂት። ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚናገረውም አልነበረም። ደንቡ፣ የመንግሥት ሕንፃ መሥራት የሚፈልግ ተቋራጭ ከፍ ያለውን ደረጃ ያውጣ፣ ለዚህም ሲሚንቶና አሸዋ የሚያቦካ የራሱ ሚክሰር ያሳይ ይላል። ደንቡን ያወጣው ሰው የሚክሰር ዋጋ ጠይቆ የሚያውቅ አይመስልም። ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ወይ ደንቡን ያላላው ነበር፣ ወይ ቁጭ ብሎ ከተቋራጮቹ ጋር ያለቅስ ነበር።

ተቋራጮቹ መላ ዘየዱ። ፈቃድ የሚታደስበትና ደረጃ የሚሰጥበት ወር ሲደርስ አንዲት ሚክሰር ከግቢ ግቢ ትዞራለች። የደረሰችበት ቤት የደረቀባትን ሲሚንቶ ፈቅፍቆ፣ የድርጅቱን ቀለም ቀብቶ፣ ስሙን ጽፎባት ከበሩ ፊት ለፊት ያቆማታል። ተቆጣጣሪ መጥቶ አይቷት ሲሄድ ወደሚቀጥለው ግቢ ትጎተታለች፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ቀለም። በዓመት አንዴ እንዲህ ስለምትኳኳል ስሟን ሙሽራዋ አሏት። ዓመቱን ሙሉ እስከ አንገቷ ሲሚንቶ ተለቅልቃ የምትኖር፣ አምስት ባል ያላት ሙሽራ እያሉ ይሳሳቁባት ነበር።

እውነተኛ ቤቷ የቱምቢ ግቢ ነው። ቱምቢ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ግንበኛ ሳለ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚለካባትን፣ በክር የምትንጠለጠለዋን የብረት ፍሬ፣ ቱምቢን ከኪሱ አይለያትም ነበር፤ በሌላ ሰው ግድግዳ አጠገብ ሲያልፍም ሳይጠየቅ አውጥቶ ይለካል። ከግንበኛነት ወደ ፎርማንነት፣ ከፎርማንነት ወደ አነስተኛ ተቋራጭነት ሲያድግ ስሙም አብሮት አደገ። ግድግዳ ሲጣመም እንቅልፍ የማይወስደው ይህ ሰው፣ ሰው ሲለምነው ግን ራሱ ይጎብጣል። ሚክሰሯን አውሰን ያሉትን ሁሉ አዋሳቸው። ማዋስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ተቆጣጣሪ የባለቤትነት ወረቀት ስለሚጠይቅ ለእያንዳንዳቸው ሸጥኩላቸው እያለ የሽያጭ ውል ይፈርምላቸዋል። አንዲቷን ሚክሰር ስንት ጊዜ እንደሸጣት እሱም አያውቅም። ሳንቲም ግን አልተቀበለባትም።

ሙሽራዋ አመለኛ ናት። ሞተሯ የሚነሳው በእጅ በሚዞር የብረት እጀታ ነው፤ እሱንም እንዲሁ ሲያዞሩት ቢውሉ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው። መጀመሪያ የናፍጣ ቱቦዋን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጎ ሁለቴ መምታት፣ ከዚያ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ወደ ፊት። ይህን የሚያውቀው ቱምቢ ብቻ ነው ይባል ነበር። ተዋሾቹ ለማሳየት እንጂ ለማቡካት ስለማይወስዷት አመሏን የመማር ችግር አልነበረባቸውም።

ያ ዓመት ለግንባታ ሰው ክፉ ነበር። ሲሚንቶ ጠዋት በአንድ ዋጋ ተጠይቆ ከሰዓት በሌላ ይሸጣል። የፌሮማ ነገር አይነሳ። ቤት የጀመረው ሁሉ መሠረቱን አውጥቶ፣ ፌሮውን ወደ ሰማይ አንጋጦ ትቶታል፤ በየምሶሶው ሥር ሣር በቅሏል። ገንዘብ ያለውም ቢሆን ዕቃውን ራሱ እየገዛ ለባለሙያው የእጅ ዋጋ ብቻ መክፈል ጀምሯል፤ ተቋራጭ የሚባል ሰው መሃል ገብቶ የሚበላው ፍርፋሪ የለም። ለአንድ ሥራ ዋጋ ሰጥተህ፣ አሸንፈህ፣ ውል እስክትፈርም ድረስ ገበያው ጥሎህ ሄዷል። የቀረው የመንግሥት ሥራ ነበር። እዚያ ቢያንስ ዋጋ ሲንር ማስተካከያ ይጠየቃል፤ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

የጤና ጣቢያ ጨረታ ሊወጣ ነው ተባለ። ቱምቢ ከፎርማንነቱ ጀምሮ አብረውት የቆዩ ግንበኞች፣ አንድ አናጺና አንድ ፌሮ ሠራተኛ ነበሩት፤ ሁሉንም ሰብስቦ፣ ጤና ጣቢያው ከመጣ ማንም የትም አይሄድም አላቸው። ደረጃው በወሩ ካልመጣ ጨረታው ያልፈዋል፤ ጨረታው ካለፈው እነዚህን ሰዎች ይበትናል፤ ከበተናቸውም መልሶ አያገኛቸውም። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አለችው። እየሳቀች ነበር ያለችው፤ ግን ለጨረታው የሚያስፈልገውን መሐንዲስ አፈላልጋ ያመጣችለት እሷው ናት።

ሚክሰሯን የገዛችውም እሷ ነበረች። አባቷ ሲሞቱ የቤታቸው ሽያጭ ገንዘብ ለእሷና ለታናሽ ወንድሟ እኩል ተከፈለ። ወንድሟ በድርሻው መኪና ገዛ፤ መኪናዋም ሁለት ግድግዳና አንድ ዛፍ ገጭታ ብረታ ብረት ሆነች። እሷ ሚክሰር ገዛች። ዘመድ ሁሉ ወርቅ ወይም ሱቅ ሲጠብቅ ሚክሰር ስትጎትት ባዩ ጊዜ አንዳንዶቹ ለአእምሮዋ ጤና ጸለዩላት። ከዚያ በኋላ ግን ሚክሰሯ የቱምቢ ሚክሰር ተባለች፤ ቱምቢም እንደዚያ ይላት ነበር፤ እሷም አላረመችም።

ወንድሟን ማሙሽ ነው የምትለው። ማሙሽ አርባ ዓመቱን ጨርሶ፣ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቶም ማሙሽ ነው፤ እናታቸው በሕፃንነቱ ስለሞቱ እጁን ይዛ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱም ተቋራጭ ሆኗል። አፉ እሳት የላሰ፣ ሥራው ጥድፊያ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእሱ የተባለ ይመስላል። በዚያ ዓመት ሙሽራዋን ቀድሞ የወሰዳት እሱ ነበር። ሰማያዊ ቀባት። ደረጃውን የሚፈልገው ለዚያው ለጤና ጣቢያ ጨረታ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ሲያውቅ ቱምቢ አልሰማም ነበር፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ማሙሽ ሚክሰሯን የመለሳት ዘግይቶ ነበር። ቱምቢ ተቆጣጣሪዋ በምትመጣበት ዕለት ጠዋት ሰማያዊውን በአረንጓዴ ሸፈነው፤ ከጣሳው የቀረውን በበርሜሉ ጀርባ ለቀለቀው።

ተቆጣጣሪዋ አዲስ ናት። ያለፈው ተቆጣጣሪ ከመኪናው ሳይወርድ አይቶ ይሄድ ነበር፤ እሷ ግን ቦት ጫማ አድርጋ መጣች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሥራዋን የምትሠራ ሴት ነበረች፤ አንዳንዴ ይህ ይብሳል። ሚክሰሯን ዞረቻት፣ ጎንበስ ብላ ጎማዎቿን አየች፣ ከዚያ በርሜሉን በመዳፏ ደገፍ አለች። እጇን ስታነሳ መዳፏ አረንጓዴ ነበር። እጅ ከፍንጅ የሚባለው ይኸው ነው፤ ብቻ ፍንጁ የተገኘው በያዥዋ እጅ ላይ ሆነ። ቱምቢ ጨርቅ ሊሰጣት ሮጠ። እሷ ግን ዐይኗን በርሜሉ ላይ የጫማ ሶል ከመሰለች የብየዳ ልጣፊ ላይ አልነቀለችም።

«ይቺን ማሽን አውቃታለሁ» አለች። «ሰኞ ዕለት ሌላ ግቢ ነበረች። ሰማያዊ ነበረች።»

የሰኞው ባለግቢ የሽያጭ ውል እንዳሳያት፣ ሻጩም እሱ ራሱ እንደሆነ ነገረችውና ፊርማው የእሱ ይሆን እንደሆነ ጠየቀችው። የእኔ ነው አላት። የሸጡትን ዕቃ ለምን መልሰው የእኔ ነው ይሉኛል አለችው። እውነቱን ቢናገር የማሙሽ ፋይል በዚያው ይዘጋል፤ ባይናገር የራሱ ይዘጋል።

ተቆጣጣሪዋ እጇን እየጠረገች ቆየች። ከዚያ፣ ወረቀቱን እንተወው፣ ወረቀትማ በዚህ ከተማ ሁሉም አለው አለች። ሰኞ ዕለት ናፍጣ አልቋል ስለተባለች ማሽኗ ስትሠራ አላየችም፤ ዛሬም ጊዜ የላትም። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ሁለቱም እዚሁ ግቢ ይገኙ፣ የእኔ ነው የሚል አስነስቶ ያሳያት፤ ለአንድ ማሽን ሁለት ባለቤት አትመዘግብም። ይህን ብላ መኪናዋ ውስጥ ገባች። የመኪናዋ መሪ ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀርቶ ይሆናል።

ማሙሽ ወሬውን ሰምቶ በዚያው ምሽት ለራት መጣ። ዐይኑን በጨው አጥቦ ነበር የመጣው። ራቱ እስኪያልቅ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አወራ፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ ቱምቢ አስጠጋ። ነገሩን አስቤበታለሁ አለ። ሁለታችንም ከምንወድቅ አንዳችን እንለፍ፤ ውሉ ደግሞ በእኔ ስም ነው። ጋሼ ሸጬለታለሁ ይበል፣ እኔ ደረጃውን ላውጣ፣ ጤና ጣቢያውን ላሸንፍ፤ ከዚያ የግንበኝነቱን ሥራ ለጋሼ እሰጣለሁ፣ ሠራተኞቹም አይበተኑም። ቱምቢ የጨረታውን ነገር ገና መስማቱ ቢሆንም ሳያቋርጥ ሲሰማው ጊዜ ማሙሽ ልቡ ሞላ።

«ሚክሰሯንም ቢሆን ጋሼ፣ ለሥራው ስትፈልጋት በቅናሽ አከራይሃለሁ» አለው።

እየቀለደ አልነበረም። ከሰኞ ወዲህ ሚክሰሯ የእሱ መሆኗን ከልቡ አምኗል። ቱምቢ ሳቁ መጣና እንደገና ሄደ። ሚስቱን አያት። ሳህን እያነሳች ነበር፤ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ቱምቢ በእሷ ወንድም ላይ መስክሮ እንዴት አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል? ሠራተኞቹ፣ አናጺው ጭምር፣ በዐይነ ሕሊናው አለፉ። ሆድ ይፍጀው አለና፣ እሺ፣ ሸጬልሃለሁ አለ። ቀጥሎም ማሙሽን ወደ ግቢ ይዞት ወጥቶ የማስነሻዋን ብልሃት አሳየው፦ ሁለቴ መታ፣ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ማሙሽ ስልኩን እየነካካ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ አለ። መኪና የነዳ ሰው ሚክሰር አያቅተውም ሲልም ጨመረበት።

ቱምቢ ሲመለስ ለሚስቱ የወሰነውን ነገራት። ለአንቺ ብዬ ነው አላት። «እሺ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። የሚያውቋት ሰዎች እሺ ብላ ዝም ካለች መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ፤ ቱምቢም ያውቃል፣ ግን ደክሞት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ ቦት ጫማዋን አድርጋ ደረሰች። ማሙሽ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ቱምቢ የተስማሙትን ተናገረ፤ ማሽኗን ለሚስቴ ወንድም ሸጬአታለሁ፣ ያን ቀን ያልኩት ስህተት ነው አለ። ተቆጣጣሪዋ ቀና ብላ አየችውና ማሙሽን፣ እንግዲያው ያስነሷት አለችው።

ማሙሽ እጀታውን ይዞ ወደ ፊት አዞረ። ሙሽራዋ አሳለችና ዝም አለች። ደገመ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። መታ ማድረጉ ትዝ አለውና ቱቦውን በጡጫው መታ፤ ጡጫው ብቻ አመመው። ናፍጣዋ ቆሻሻ ነው አለ፤ ብርድ መቷታል አለ፤ ፀሐይዋ ግን አናት ትበሳ ነበር። ቱምቢ በዐይኑ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለ ሲጠቅሰው ማሙሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ተቆጣጣሪዋ ወደ ቱምቢ ዞራ እስኪ እርስዎ ይሞክሩ አለች። ቱምቢ እጀታውን ያዘ። እጁ ብልሃቱን ያውቀዋል፤ ያወቀውን እንዳይሠራ መከልከል ነበረበት። ወደ ፊት ብቻ አዞረ። ሙሽራዋ አሳለች። የገዛ እጁ ታዘበው።

ተቆጣጣሪዋ፣ የማይነሳ ማሽን ለማንም አልመዘግብም፣ ሁለቱም ፋይሎች ይመለሳሉ አለች። ቱምቢ ያን ጊዜ ነው የሠራው ጅልነት የገባው፤ ሁሉን ሰጥቶ ለማንም ሳይተርፍ ሊቀር ነው። ግንበኞቹ በአጥሩ በኩል ቆመው ያዩ ነበር፤ ወደ እነሱ መዞር አልቻለም።

ሚስቱ ከኩሽና ወጣች። እጇን በልብሷ እያደረቀች መጥታ ከመሬት መዶሻ አነሳች። ቱቦውን ሁለቴ መታ መታ አደረገች። እጀታውን ግማሽ ዙር ወደ ኋላ መለሰችና በአንድ ትንፋሽ ወደ ፊት ወረወረችው። ሙሽራዋ ጥቁር ጢስ ተፍታ ተነሳች፤ በርሜሉም እየተንገጫገጨ መዞር ጀመረ። ባልም ወንድምም አፋቸውን ከፈቱ። ቱምቢ ማን አስተማረሽ አላት።

«በየጠዋቱ ኩሽናዬ መስኮት ሥር እየተሳደብክ ስታስነሳት ግድግዳም ይማራል» አለችው።

ተቆጣጣሪዋ ወደ እሷ ቀረበች። «ማሽኗ የማን ናት?» አለች፤ ሞተሩን ለመብለጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«የእኔ። በአባቴ ቤት ድርሻ ገዛኋት።»

ተቆጣጣሪዋ የሽያጭ ውሉ ላይ የእሷ ፊርማ የለም አለቻት። አልጠየቁኝም አለች። ባለቤቷ ያልፈረመችበት ሽያጭ ሽያጭ አይደለም አለች ተቆጣጣሪዋ። እንግዲያው በማን ፋይል ልመዝግባት ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ ሚስቱ ሞተሩን አጠፋችው። ጸጥታው ከጩኸቱ ይልቅ ጆሮ ያዘ።

ማሙሽ «እትዬ» አላት። ሕፃን ሳለ ወድቆ ሲነሳ የሚላት አጠራር ነበር። አየችው፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን እጀታውን ከእጇ አልለቀቀችም።

«ማሙሽዬ፣ ሌላ ሰው ብትሆን ይቅር እልህ ነበር» አለችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ደግሞ ለአንቺ ብዬ ነው አልከኝ። እኔ ለምኜህ ነበር? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ አባባል ይመስለኝ ነበር።» እጀታውን ዘረጋችለት። «የምትፈልጋት ከሆነ አስነሳትና የእኔ ናት በል። ካልፈለግክም ንገረኝ፤ እሸጣታለሁ፤ በእውነት እሸጣታለሁ።»

ቱምቢ ማሙሽን አየው፣ ግንበኞቹን አያቸው፣ ከዚያ እጀታውን ተቀበለ። ሁለቴ መታ። ግማሽ ዙር ወደ ኋላ። ከዚያ ወደ ፊት። ሙሽራዋ ተነሳች፤ እሱም የእኛ ናት አለ። የእኔ አላለም፤ ሚስቱ ልዩነቱን ሰምታለች።

ተቆጣጣሪዋ ደረጃውን ሰጠችው፤ ከደረጃው ጋር ግን በሐሰት ውል ስለመፈረም ጠንካራ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። የማሙሽ ፋይል ተመለሰ። የቀሩት ሦስት ተቋራጮች ወሬውን ሰምተው በዚያ ሳምንት በቱምቢ በር በኩል ማለፍ ተዉ፤ ሁለቱ ተዋውለው አንድ ሚክሰር ሲገዙ ሦስተኛው ወደ ብሎኬት ሥራ ገባ። ጤና ጣቢያውን ከሌላ ከተማ የመጣ ትልቅ ድርጅት በማይሆን ዋጋ ወሰደው። ቱምቢ ሦስተኛ ወጣ። ይሁንና ድርጅቱ ዋጋው ሲያንቀው አጥሩንና የፍሳሽ ጉድጓዱን ለቱምቢ ሰጠ፤ ያን ዓመት ከሠራተኞቹ አንድም ሰው አልተበተነም። አናጺው ብቻ በራሱ ፈቃድ ሄደ፤ እሱም የበር ሥራ ስለሚወድ ነው።

ማሙሽ ብዙ ወራት ከእነሱ ቤት ቀረ። እህቱ ስሙን አታነሳም፤ ራት ላይ ግን አንድ ሳህን ታበዛና መልሳ ታነሳዋለች፤ ቱምቢም እንዳላየ ይሆናል። የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ተገኘ። ሚክሰሯን ሊዋስ አልነበረም። ሥራ ካለ አላት፤ እሷን እንጂ ቱምቢን አልጠየቀም። ምን ትችላለህ አለችው። አሰበና፣ ምንም አለ። ስታሳድገው ከሰማቻቸው መልሶች ሁሉ እውነተኛው ይህ ነበር፤ ወደ ግቢ አስገባችውና መዶሻውን አስያዘችው።

ሙሽራዋ ከዚያ ወዲህ ቀለም ተቀብታ አታውቅም። እህትየው አሁንም በየጠዋቱ ኩሽና ውስጥ ሆና ትሰማለች። በመጀመሪያው ዙር ከተነሳች ባሏ ነው። አስላ፣ አስላ፣ በሦስተኛው ከሆነ ማሙሽ ነው፤ ያን ጊዜ ድስቷን ትታ በመስኮቱ ብቅ ትልና፣ «መጀመሪያ ወደ ኋላ» ትለዋለች።